ቦርጭ አልለቅ አለኝ፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ምን ያድርግ?

ባለተሳቢው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ቦርጭ ነው። አትሳቁብኝ።

የተሳቢ ሾፌር ነኝ። መስመሬ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ነው። ዕድሜዬ 43፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 94 ኪሎ። እግሬ ቀጭን ነው። ፊቴም አልወፈረም። ያለው ሁሉ ሆዴ ላይ ነው የተከመረው። መሪውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ጎማ ልፈታ ጎንበስ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ረዳቴ «ጋሼ፣ አንተ ቁም፣ እኔ እፈታዋለሁ» ማለት ጀምሯል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የጤና ምርመራ ሳደርግ እግረ መንገዴን ስኳር ተለካሁ። ምንም ሳልቀምስ 117 ሆነ። ግፊቴ ደግሞ 138 በ88። ሐኪሙ «ስኳር በሽታ ገና አልሆነም፣ ግን በሩ ላይ ቆመሃል። ሆድህን ቀንስ» አለኝ። እንዴት እንደምቀንስ አልነገረኝም። ውጪ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር።

ውሎዬን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳለሁ። ቁርስ አዳማ ወይ መተሐራ ነው፤ እንቁላል ፍርፍር ወይ ዱለት፣ ከዳቦና ከሻይ ጋር። ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ነው የምጨምረው። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በለስላሳ ነው የምንቀሳቀሰው፤ በቀን አራት ጠርሙስ፣ ሲብስ አምስት። ከቀትር በኋላ ጫት አለ፣ አልዋሽም። እንቅልፍ ለማባረር ነው። ጫቱ ስለሚዘጋኝ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ማታ ሎጊያ ወይ ሰመራ ስገባ ግን አልቻልም፤ የፍየል ጥብስ፣ ሁለት እንጀራ፣ ከዚያ ለጨብሲ፣ የጫቱን ስሜት ለመስበር ማለት ነው፣ ሁለት ሦስት ቢራ። በዚያው ጋቢና ውስጥ እተኛለሁ።

የጓደኞቼ ምክር እንደ ቁጥራቸው ነው። አንዱ ጠዋት ጠዋት መቶ ሲት አፕ ሥራ ይላል። አንዱ ሆድ ላይ የሚታሰር የጎማ ቀበቶ ሊሸጥልኝ ነው፤ ያልብሃል፣ ስቡን ያቀልጠዋል ብሎ። ሌላው ተልባ ይላል። እስቲ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ጂም ግባ ብቻ አትበሉኝ። መኪናዬን ጭነት እንደያዘ ትቼ የትም መሄድ አልችልም።

ሎሚ በማር፦

ብሮ ቀላል ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ለብ ያለ ውሃ በሎሚና በዝንጅብል። እኔ በዚህ ብቻ ሸንቃጣ ሆኛለሁ። ማታ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም አትብላ። አለቀ።

የአሰብ ሾፌር፦

ወንድሜ፣ እንኳን በደህና መጣህ። ከጋቢና የወረድኩ ጡረተኛ ነኝ። አሰብ መስመር ላይ ነው ያረጀሁት። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞርኩ። ስለዚህ አንተ የምትበላበትን ወንበር ሁሉ አውቀዋለሁ።

የሎሚውን ልጅ አትስማው። ሎሚ መጥፎ አይደለም። ጠዋት በለስላሳ ፋንታ የሎሚ ውሃ ከጠጣህ የጠቀመህ ለስላሳው መቅረቱ ነው።

ቀበቶውን ደግሞ እንዳትገዛ። ከሚሌ እስከ ገላፊ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሸሚዝህ ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል። ላብ ስብ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ በዚያ መስመር ላይ አንድ ቦርጫም ሾፌር ይገኝ ነበር? ገላፊ ተራ ስትጠብቅ ከመኪናው ወርዶ የቆመውን ሰው ዞር ብለህ እየው። ሁሉም በላብ ታጥቧል፣ ሁሉም ሆዱን ተሸክሟል። በላብ የወጣ ኪሎ ውሃ ነው፤ አንድ ኮዳ ስትጠጣ ይመለሳል። በዚያ ሙቀት ላይ ሆድህን በጎማ ጠፍረህ ውሃ ማጣት ደግሞ ራስህን ስተህ መሪ ላይ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል።

ሲት አፑም ለብቻው ቦርጭ አያጠፋም። የናፍጣ ታንከርህ ሲጎድል ከአንድ ጥግ ብቻ ጎድሎ አይተህ ታውቃለህ? የሰውም ስብ እንዲሁ ነው። ሰውነት ከመላው ያወጣል፣ ከየት እንደሚጀምር አንተ አታዘውም።

በእኛ ጊዜ ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ፊያት ነበር የምንነዳው። የዚያን መሪ ማዞር ራሱ ስፖርት ነበር፣ ትከሻ ያወጣል። አሁን ያላችሁት መኪና በሁለት ጣት ይዞራል። ማቀዝቀዣ አለው፣ ወንበሩ ይወዛወዛል። ክፉ ነገር አላልኩም፣ እሰየው ነው። ብቻ ሰውነት ሥራ ፈትቷል። እኔም ከኤንትሬ ወርጄ ዘመናዊ መኪና ላይ ስወጣ ነው ቀበቶዬ ቀዳዳ የጨረሰው።

ያደረግኩትን ልንገርህ። መጀመሪያ ለስላሳውን ጋቢና ውስጥ እንዳይገባ ከለከልኩት። ጀሪካን ውሃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስር ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ካለህ ለስላሳው ያን ያህል አያምርህም። ያማረህ ቅዝቃዜው ነው እንጂ ስኳሩ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከቤት ስወጣ ስንቅ እይዛለሁ። የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ የሽምብራ ቆሎ፣ በሶ። ቀን ላይ ትንሽ ከቀመስክ ማታ እንደ ተራበ ጅብ አትገባም። ባለቤቴ መጀመሪያ «ምን ሆነሃል፣ ሆቴል ተዘጋ?» ብላ ሳቀችብኝ። በኋላ የሆቴል ወጪው ሲቀንስ ራሷ ምሳ ዕቃ ታዘጋጅልኝ ጀመር።

ሦስተኛው ላንተ የሚሆነው ነው። ጭነት ትቼ አልሄድም አልክ። ማን ሂድ አለህ? መኪናህን ዙረው። መኪናው ከነተሳቢው 18 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ዙር 40 ሜትር አካባቢ ይመጣል። 25 ዙር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ዓይንህ ከጭነቱ አይነቀልም። እግረ መንገድህን ጎማ ትመታለህ፣ የሸራ ገመድ ታጠብቃለህ፣ የሚያፈስ ዘይት ካለ ታያለህ። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር የምዞረው፤ በአፋር ፀሐይ ከወጣ በኋላ የሚሞከር አይደለም። ጉምሩክ ላይ ተራ ስጠብቅ ደግሞ ማታ እዞራለሁ። መጀመሪያ ሰው «ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው» አለ። በኋላ ከኋላዬ የሚከተሉ መጡ።

ለጉልበት ጀሪካን በቂ ነው። ባለ 10 ሊትር ሞልተህ በሁለት እጅህ ይዘህ ቁጢጥ ብለህ ተነሳ። የመኪናህ የፊት መከላከያ ላይ እጅህን ተክለህ ፑሽ አፕ ሥራ፤ ከመሬት ይቀላል። ወገብህን ካመመህ ጀሪካኑን ባዶውን ጀምር።

ስለ ምግብ አንድ ምክር ብቻ፦ እንጀራን ተወው። ሥጋውን ብላ፣ እንጀራውን ተው። የሚያወፍረው እሱ ነው።

ሲስተር፦

ጋሼ፣ መኪና መዞሩን ከእርስዎ ተምሬአለሁ፣ ለታካሚዎቼም እነግራለሁ። በእንጀራው ላይ ግን አልስማማም።

በስኳርና በግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ባለተሳቢው፣ የጻፍከውን ሳነብ እንጀራው ሳይሆን ስኳሩ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። እስቲ እንደምረው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አራት ጠርሙስ 128 ግራም። ሦስት ሻይ ብትጠጣ፣ በአራት አራት ማንኪያ፣ 48 ግራም ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ በቀን 50 ግራም አካባቢ ነው። አንተ ማታ ጥብሱ ሳይቀርብ በፊት ከሦስት እጥፍ በላይ ሄደሃል። የለስላሳው ብቻ ከ500 ካሎሪ በላይ ነው። ይህንን ብቻ ብታቆም፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ሊወርድልህ ይችላል።

በእግር ለማውጣት ብታስብ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ተራምደህ የምታቃጥለው ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብዙም አይበልጥም። አትራመድ ማለቴ አይደለም። ቦርጩን በዋናነት የሚቀንሰው ሰሃኑና ጠርሙሱ ነው። እንቅስቃሴው ደግሞ ስኳርህንና ግፊትህን ያወርዳል፣ የቀነሰውም ተመልሶ እንዳይመጣ ይይዝልሃል። ሚዛኑ ንቅንቅ ሳይል እንኳ ወገብ የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

እንጀራው። የጤፍ እንጀራ ፋይበር አለው፣ ያጠግባል። ስኳርና ዘይት ባለበት ገበታ ላይ እንጀራን መክሰስ ግፍ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው፣ ጥብሱን ግማሽ፣ ጎኑ ላይ ሰላጣ ወይ ጎመን አስጨምር። እንጀራን ጨርሶ ተው የተባለ ታካሚ ለሳምንት ይጸናል፣ በሰንበት አምስት ይበላል። ሥጋ ብቻ የሚለው ደግሞ ከነጮማው ከሆነ ለግፊትህም ለደምህ ቅባትም አይበጅም። ጅቡቲ ስትደርስ የየመኖች ዓሣ አለልህ፤ በእሳት የተጠበሰ ነው፣ ጥሩ ምግብ ነው። አብሮት የሚመጣው ትልቁ ቂጣ ላይ ግን እጅህን ሰብሰብ አድርግ። በማርና በሙዝ የሚለወሰውንማ ለሌላ ቀን።

ሆድህን ለካው። የሱሪ ቁጥርህ አይጠቅምህም፤ ወንዶች ሱሪውን ከቦርጩ በታች ነው የሚያስሩት። የመጨረሻው የጎን አጥንትና የዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ላይ ሜትሩን አዙር፣ በረጋ ሁኔታ ተንፍሰህ፣ ሳትጎትት አንብብ። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል፣ ከ102 ሲያልፍ በጣም ይጨምራል። ለሴት 80 እና 88 ነው። ሜትር ከሌለህ በቁመትህ ልክ ገመድ ቁረጥ፣ ለሁለት እጠፈው። የታጠፈው ገመድ ወገብህን ካልዞረው ሆድህ ከሚገባው በላይ ነው።

ሐኪሙ ያስጠነቀቀህ ስለ መልክህ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በእጅ የሚያዘው ነው። አንተን የሚያሰጋህ ውስጥ ያለው፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ 117 የመጣው ከዚያ ነው ብዬ እገምታለሁ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ስኳር በሽታ የሚባለው፣ ያውም በሁለት ጊዜ ምርመራ ሲረጋገጥ። አንተ ገና አልደረስክም። ደግነቱ ይህ የውስጥ ስብ ክብደት መቀነስ ሲጀመር ቶሎ ከሚወርዱት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። እንዳንተ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ላንተ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሠላሳ ኪሎ ቀንስ ያለህ የለም።

ሎሚ በማር፦

እሺ ሲስተር። ግን ማታ አለመብላቱ ልክ ነው አይደል?

ሲስተር፦

ሰዓቱ አይደለም ዋናው፣ መጠኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ተርቦ የዋለ ሰው ግን ማታ መጠን አይጠብቅም። ጋሼ ስለ ስንቅ ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

የዳላሱ፦

እኔም ሾፌር ነኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። እዚህ ሐበሻ ሾፌር እንደ አሸዋ ነው፣ ቦርጩም እንዲሁ። የነዳጅ ማደያው ምግብ ከእናንተው ጥብስ ይብሳል፣ እመኑኝ።

ወንድሜ፣ ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ታንኮራፋለህ? እዚህ ለመንጃ የጤና ወረቀት ስንመረመር ሐኪሙ ግፊት ብቻ አይደለም የሚለካው። አንገቴን በሜትር ለካ። 43 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ይጠረጥራሉ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያስነቃ ችግር አለ፤ ሰውዬው ራሱ መንቃቱን አያውቅም። ስምንት ሰዓት ተኝተህ ጠዋት እንዳልተኛህ ትነሳለህ። ቀን መሪ ላይ ዓይንህ ይከደናል። እኔ ላይ ተገኝቶብኝ አሁን ማታ የአየር ጭምብል አድርጌ ነው የምተኛው። እና ጫቱን እንቅልፍ ለማባረር ነው ስትል እሱ ነው የታወሰኝ።

ባለተሳቢው፦

በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሲስተር፣ እርስዎንም።

ሜትር ከልብስ ሰፊ ተውሼ ለካሁ። 108 ነው። ሱሪዬ ላይ 36 የሚል ስለተጻፈ ተረጋግቼ ነበር የምኖረው።

ዳላስ ያለኸው ወንድሜ፣ ማንኮራፋቴን ረዳቴን ጠይቀው። እኔ ጋቢና ውስጥ ስተኛ እሱ ወጥቶ ጭነቱ ላይ ነው የሚያድረው። ለሙቀቱ ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዐቢይ ጾምንም 55ቱን ቀን እይዛለሁ። ለምን በጾም አልቀንስም? እንዲያውም የሚጨምር ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ስለ ጫቱ። ያከሳል ሲሉ ነው የምሰማው።

ሲስተር፦

ጾሙ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነው። እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ምንም ችግር የለውም። ችግሩ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ሽሮው ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፣ ድንቹ በዘይት፣ ሩዙ በዘይት፣ ከዚያ ሳምቡሳ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በየዓይነቱ ስትበላ ምስሩንና ጎመኑን ጨምር፣ ጥብስ ድንቹን ቀንስ፣ ዘይቱ ከላይ የቆመውን ወጥ እንጀራው ጠጥቶ ሳይጨርሰው ከዳር ብላ። ባዶ ሆድህን ሆነህ በለስላሳ እየተደገፍክ ከሆነ ደግሞ ከሥጋው ጾምክ እንጂ ከስኳሩ አልጾምክም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ወደፊት የስኳር መድኃኒት ከጀመርክ ሳታማክር እንዳትጾም። ስኳር ሊወርድብህ ይችላል፤ መሪ ላይ ሆኖ ይህ አደገኛ ነው።

ጫት ርሀብን ይዘጋል፣ እውነት ነው። የዘጋውን ግን ማታ ትከፍለዋለህ፤ ራስህ ጽፈኸዋል። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል። ከጫቱ ጋር ለስላሳው፣ ከጫቱ በኋላ ቢራው። አንድ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ ነው። ጫቱን ብትተው ሁለቱ ተከትለውት ይሄዳሉ። በአንድ ቀን ተው አልልህም፣ ግን ቢያንስ እየነዳህ አትቃም።

የዳላሱ ወንድማችን ያለውን አትናቀው። ረዳትህን አንድ ሌሊት አጠገብህ ሆኖ ይይህ። ትንፋሽህ ቆሞ ከዚያ በድንገት የሚመለስ ከሆነ ለሐኪም ንገር፣ ሪፈር ይጽፍልሃል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ጠይቅ። የአንድ ጠዋቱን ሳይሆን የሰነበተውን አማካይ ነው የሚያሳየው፤ ሳይጾሙም ይሠራል፣ ለሾፌር ይመቻል። ወገብህን በወር አንዴ ለካ። በየቀኑ ሚዛን ላይ አትውጣ።

የአሰብ ሾፌር፦

ሲስተር፣ እንጀራውን መለስኩለት፣ አንድ ይብላ። ተሸንፌአለሁ።

ባለተሳቢው፣ ሰመራ ስትገባ ጥብሱን አንድ እዘዝና ከረዳትህ ጋር ተካፈል። አሳላፊዋ «ምነው ዛሬ?» ብላ ብትጠይቅህ ሐኪም ነው በላት፣ ቶሎ ትተውሃለች። ሂሳቡን ግን አንተ ክፈል፤ ልጁ ጎማውን እየፈታልህ ነው።